ፓይለቱ በብሪጁ ላይ፦ ልምድ የሰውነትን ማንቂያ እንዴት ይለውጠዋል?

የመርከብ ፓይለት የሚባለው ባለሙያ የመርከቡ ባልደረባ አይደለም፤ አንድን ወደብ፣ ቦይ ወይም የወንዝ አፍ ጠንቅቆ የሚያውቅ፣ መርከቡ ወደዚያ ጠባብ ውሃ ሲቃረብ በትንሽ ጀልባ ደርሶ የሚሳፈር፣ ካፒቴኑንም እያማከረ መርከቡን እስከ ማሰሪያው ድረስ የሚያደርስ ሰው ነው። ከዚህ በታች የሰፈረው ምልልስ ለጉዳዩ ሲባል በተቀረጹ ሁለት ሰዎች መካከል የሚካሄድ ሲሆን፣ አንደኛው በጭነት መርከቦች ላይ ለረጅም ዘመን ያዘዙ ጡረተኛ ካፒቴን፣ ሁለተኛዋ ስለ ሰውነት አሠራር የሚያስተምሩ የፊዚዮሎጂ ምሁር ናቸው።

ካፒቴኑ፦ በባሕር ሰዎች ዘንድ የተለመደው አስተያየት፣ ዶክተር፣ አዲስ ፓይለት ይሸበራል፣ የቆየው ግን አይሸበርም የሚል ነው። ሃያ ዓመት ያገለገለው ሰው 300 ሜትር ርዝመት ያለውን ኮንቴይነር ጫኝ ወደ ማሰሪያው ሲያስጠጋ ድምፁ አይለወጥም፣ እጁም አይንቀጠቀጥም፤ ስለዚህ ልምድ ውጥረትን ያጠፋል ብሎ መደምደም ስሕተት አይመስልም።

ዶክተሯ፦ ድምፅና እጅ የሚመሰክሩት የነገሩን ከፊል ብቻ ነው፣ ካፒቴን። ሰውነት አደጋን ሲጠረጥር ምላሹ በሁለት መንገድ ይጓዛል። ፈጣኑ መንገድ ሲምፓቴቲክ የሚባለው የነርቭ ሥርዓት ሲሆን፣ ከኩላሊቶች በላይ ከተቀመጡት አድሬናል ዕጢዎች ውስጠኛ ክፍል አድሬናሊን እንዲመነጭ ያደርጋል፤ በሴኮንዶች ውስጥም ልብን ያፈጥናል፣ የዓይን ብሌንን ያሰፋል፣ መዳፍን በላብ ያርሳል። ዝግተኛው መንገድ ደግሞ ሃይፖታላመስ ከተባለው የአንጎል ክፍል ተነሥቶ በፒቱታሪ ዕጢ በኩል ወደ አድሬናል ዕጢዎች ውጫዊ ክፍል የሚደርስ የሆርሞኖች ቅብብል ነው፤ የቅብብሉም መጨረሻ በደም ውስጥ ያለውን ስኳር ከፍ የሚያደርገው ኮርቲሶል ነው። ኮርቲሶል ከፍተኛ መጠኑ ላይ የሚደርሰው ውጥረቱ ከጀመረ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ገደማ ቆይቶ ስለሆነ፣ አንድ ፓይለት መርከቡ እንደታሰረ ምራቁ ቢመረመር የሚገኘው መጠን የሚናገረው ስለ ማሰሪያው ሳይሆን ከግማሽ ሰዓት በፊት ስለታለፈው ጠባብ መተላለፊያ ነው።

ካፒቴኑ፦ የልብ ምቱስ ቢሆን በቀላሉ የሚታመን ነው? ፓይለቱ ብሪጅ ወደሚባለው የመርከቡ ማዘዣ ክፍል ከመድረሱ በፊት የሚጠብቀው ሥራ አለ። በሚናወጥ ጀልባ ጠርዝ ላይ ቆሞ፣ ማዕበሉ ጀልባዋን ከፍ ባደረገበት ቅጽበት የገመድ መሰላሉን ይይዝና ወዲያው ወደ ላይ ይወጣል፤ ከዘገየ ጀልባዋ በቀጣዩ ማዕበል መልሳ ስትነሣ እግሩን ከመርከቡ ጎን ጋር ልታጣብቀው ትችላለች። የመውጫው ከፍታ ከ9 ሜትር ካለፈ ዓለም አቀፉ ደንብ የገመድ መሰላሉ ከመርከቡ የጎን ደረጃ ጋር ተጣምሮ እንዲዘጋጅ ያስገድዳል፤ ከዚያ በታች ከሆነ ግን ሰውየው ያንን ሁሉ በእጁና በእግሩ ይወጣዋል፣ ወጥቶም ወደ ብሪጁ የሚያደርሰው የውስጥ ደረጃ ገና ይጠብቀዋል። እዚያ ሲደርስ ልቡ ቢመታ ማን ይገረማል?

ዶክተሯ፦ ተመራማሪዎችም የሚቸገሩት እዚሁ ላይ ነው፤ በመሰላል የፈጠነ ልብና በሥጋት የፈጠነ ልብ በቁጥር ሲታዩ አይለዩምና። ፓይለቶችን በሲሙሌተር፣ ማለትም የወደቡን ገጽታና የመርከቡን ጠባይ በኮምፒዩተር አስመስሎ በሚያሳይ የመለማመጃ ብሪጅ ውስጥ መመርመር የተመረጠው ስለዚህ ነው። በዚያ መሰላል የለም፣ ነፋሱንና ጭጋጉን አሠልጣኙ ያዝዛል፣ አንዱንም መርከብ ለጀማሪውም ለነባሩም መስጠት ይቻላል። ከምቱ ብዛት ይልቅ ብዙ የሚናገረው ደግሞ በአንድ ምትና በሚቀጥለው መካከል ያለው የጊዜ ልዩነት ነው። ጤናማ ልብ እኩል በእኩል አይመታም፤ ቬገስ የተባለው አረጋጊ ነርቭ በየትንፋሹ ሲያዘገየውና ሲለቀው በምቶቹ መካከል ያለው ጊዜ ይለዋወጣል፣ ውጥረት ሲበረታ ግን የዚህ ነርቭ ልጓም ስለሚላላ ልዩነቱ ይጠብባል።

ካፒቴኑ፦ እንግዲያው ነባሮቹንና ጀማሪዎቹን አስተያይቶ ፍርዱን መስጠት ነው።

ዶክተሯ፦ ብዙ ጽሑፎች ላይ ላዩን የሚያልፉት እንቅፋት የሚመጣው እዚህ ጋ ነው። ልምድና ዕድሜ አብረው ያድጋሉ። ልብ ሊደርስበት የሚችለው ከፍተኛ ምት በዕድሜ ይቀንሳል፣ በምቶች መካከል ያለው ልዩነትም በዕድሜ ይጠብባል። የሃምሳ አምስት ዓመት ፓይለት ልብ ከሠላሳ ሁለት ዓመቱ ያነሰ ቢፈጥን፣ ሥራውን በማወቁ ይሁን በማርጀቱ ከአንድ ቀን ልኬት አይታወቅም። ስለዚህ እያንዳንዱን ሰው ከራሱ የዕረፍት ልኬት ጋር ማነጻጸርና አንዱን መርከብ በቀላል፣ በመካከለኛና በከባድ ሁኔታ እንዲያስገባ ማድረግ ያሻል፤ ልምድ የሚታየው ሥራው ሲከብድ የሰውየው ልኬት ምን ያህል እንደወጣና ምን ያህል ፈጥኖ እንደተመለሰ በማየት ነው እንጂ በአንዲት ቁጥር ከፍታ አይደለም።

ካፒቴኑ፦ ይህ ስለ መለኪያው ነው፤ ስለ ሰውየውስ? በሥራ ላይ ያለ ሰው የሚያውቀው ነገር፣ ፓይለቱ ሁሉን አድርጎ ከጨረሰ በኋላ የሚጠብቅ ሰው መሆኑን ነው። ከባድ መርከብ ሲታዘዝ ወዲያው አይሰማም። መሪው ወደ ቀኝ ሲዞር አፍንጫው ለመዞር ጊዜ ይወስዳል፣ ሞተሩ ወደ ኋላ ሲታዘዝ መርከቡ ገና ብዙ ርቀት ወደፊት ይሄዳል። ጥልቀት በሌለው ውሃ ደግሞ ከሆዱ ሥር የሚፈጥነው ውሃ ግፊቱ ስለሚቀንስ መርከቡ ወደ ታች ይሰምጣል፤ የስምጠቱም መጠን በፍጥነቱ ካሬ ልክ ገደማ ስለሚያድግ ፍጥነቱን በእጥፍ የጨመረ ሰው ስምጠቱን በአራት እጥፍ ያህል ይጨምረዋል። በጠባብ ቦይ ውስጥ ወደ አንዱ ዳርቻ ከተጠጋ ኋላው ወደ ዳርቻው ይሳባል፣ አፍንጫውም ወደ መሐል ይገፋል። ይህን ሁሉ ፓይለቱ የሚያርመው በቃል ትእዛዝ ብቻ ነው፤ መሪውን የሚይዘው ሌላ ሰው ነው።

ዶክተሯ፦ ለፊዚዮሎጂ ከዚህ የበለጠ ቁም ነገር ያለው መግለጫ ማግኘት ያስቸግራል። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ዋልተር ካነን የተባለው አሜሪካዊ የፊዚዮሎጂ ሊቅ እንዳስረዳው፣ የአድሬናሊኑ ማዕበል ሰውነትን ለትግል ወይም ለሽሽት የሚያዘጋጅ ነው፤ ስኳር ወደ ደም ይወጣል፣ ደምም ወደ ጡንቻ ይዞራል። ፓይለቱ ግን አይታገልም፣ አይሸሽም፤ በመስኮቱ አጠገብ ቆሞ የዲግሪ ቁጥር ይናገራል። ለጡንቻ የተዘጋጀው ጉልበት ሥራ አጥቶ ይቀራል። ከዚህም በላይ፣ የትእዛዙ ውጤት ዘግይቶ የሚመጣ ከሆነ አደጋው ዓይን ለዓይን ሲገጥም የሚደወል ማንቂያ ለፓይለት ከንቱ ነው፤ ማንቂያው መደወል ያለበት መርከቡን ማረም በሚቻልበት ሰዓት፣ ምንም ነገር ገና በማይታይበት ጊዜ ነው። ልምድ የሚለውጠው ይህንኑ ይመስላል፤ ደወሉን አያጠፋውም፣ ሰዓቱን ያስቀድመዋል።

ካፒቴኑ፦ ይህ አባባል ማስረጃ አለው ወይስ ግምት ነው?

ዶክተሯ፦ ከሌላ ሙያ የመጣ ጠንካራ ማስረጃ አለው። እ.ኤ.አ. በ1967 ዋልተር ፌንዝና ሲሞር ኤፕስታይን የተባሉ ተመራማሪዎች የጃንጥላ ዘላዮችን የልብ ምት፣ ትንፋሽና የቆዳ እርጥበት ከዝላዩ ቀደም ካሉት ሰዓታት ጀምሮ እስከ መዝለያው አፋፍ ድረስ ተከታትለው ነበር። የጀማሪዎቹ ልኬት ወደ አፋፉ በቀረቡ ቁጥር እየወጣ ሄዶ ሊዘሉ ሲሉ ከፍታው ላይ ደረሰ፤ የነባሮቹ ግን ቀደም ብሎ ወጥቶ፣ ሊዘሉ ሲሉ መውረድ ጀምሮ ነበር። ነባሮቹ ያልፈሩ ሰዎች ሳይሆኑ አስቀድመው የፈሩ ሰዎች ነበሩ ማለት ነው። ወደ ፓይለቱ ሲመለስ፣ ነባሩ ሰው ገና በጀልባው ውስጥ ሳለ የነፋሱን አቅጣጫ፣ የማዕበሉን ሰዓትና የመርከቡን ጥልቀት እያሰላሰለ ልቡ ፈጥኖ ሊሆን ይችላል፤ በጠባቡ መታጠፊያ ላይ ያለውን መረጋጋት ብቻ ያየ ሰው ግን ልቡ ጭራሽ ያልፈጠነ ይመስለዋል።

ካፒቴኑ፦ ጀማሪውስ ስንት ጊዜ ሲያመላልስ ነው እንዲህ የሚሆነው?

ዶክተሯ፦ ሁለቱ መንገዶች እኩል አይማሩም። ሆልገር ኡርሲንና ባልደረቦቹ የኖርዌይ ወታደር ሠልጣኞች ከመለማመጃ ማማ ሲዘሉ መርምረው እ.ኤ.አ. በ1978 ባሳተሙት ሥራ፣ በመጀመሪያው ዝላይ ወደ ላይ ተኩሶ የነበረው ኮርቲሶል በሚቀጥሉት ዝላዮች ፈጥኖ ሲወርድ፣ የልብ ምት ግን በየዝላዩ መጨመሩን አልተወም። ከዚህ የሚወሰደው ትምህርት ኮርቲሶል የሚከተለው የሥራውን ክብደት ሳይሆን የሰውየውን ግምት መሆኑ ነው፤ «ይህን እወጣዋለሁ» ብሎ ሰውነቱ ሲያምን ዝግተኛው ቅብብል ይቆማል፣ ፈጣኑ መንገድ ግን ለሥራው የሚያስፈልገውን ንቃት መስጠቱን ይቀጥላል። ጆን ሜሰን ከዚያ አስቀድሞ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ፣ ይህን ሆርሞን ከሚቀሰቅሱት ነገሮች ዋነኞቹ አዲስነትና የሚመጣውን አለማወቅ መሆናቸውን ጽፎ ነበር። ሃምሳኛ ጊዜ የሚገባበት ወደብ ለፓይለቱ አዲስ አይደለም፤ መርከቡ ግን ሁልጊዜ ሌላ ነው፣ ሠራተኛውም ሌላ ነው፣ ነፋሱም የዕለቱ ነው።

ካፒቴኑ፦ አንድ ነገር ቀርቷል፤ የሰው ዓይን። ወጣት ፓይለት ብሪጁ ላይ ሲገባ የመርከቡ ካፒቴን ከእግር እስከ ራሱ ያየዋል፣ መኮንኖቹም ያዩታል። በአብዛኛው ዓለም ፓይለቱ አማካሪ ነው፣ የመጨረሻው ኃላፊነት የካፒቴኑ ሆኖ ይቀራል፤ የመርከቡ አመራር ወደ ፓይለቱ እጅ የሚገባበት የፓናማ ቦይ የታወቀ ልዩ ሁኔታ ነው። እናም አማካሪው ምክሩን የማይቀበል ፊት እያየ መሥራት አለበት።

ዶክተሯ፦ ይህም ተለክቷል፣ በፓይለቶች ላይ ባይሆንም። ሳሊ ዲከርሰንና ማርጋሬት ኬሜኒ እ.ኤ.አ. በ2004 ባሳተሙት ሥራ 208 የላቦራቶሪ ጥናቶችን በአንድነት መርምረው፣ ኮርቲሶልን ከሁሉ አብልጦ የሚያስነሣው ሰውየው ሊቆጣጠረው በማይችለው ነገር ላይ በሌሎች ሰዎች ሲመዘን መሆኑን አሳይተዋል። ጀማሪው ፓይለት ሁለቱንም በአንድነት ይሸከማል፤ የመርከቡን ጠባይ ገና አያውቀውም፣ የሚያዩትም ይመዝኑታል። ነባሩ ስሙ ከእርሱ ቀድሞ ብሪጁ ላይ ስለሚደርስ ግማሹ ሸክም ተነሥቶለታል። ልምድ የሚባለው ነገር ከፊሉ በሰውየው ሥጋ ውስጥ ሳይሆን ሌሎች ለእርሱ ባላቸው ግምት ውስጥ እንደሚቀመጥ የሥራው ዓለም ብዙ ጊዜ ይዘነጋል።

ካፒቴኑ፦ እስካሁን የተነገረው ሁሉ ስለ ተለመደ ቀን ነው። እ.ኤ.አ. ማርች 26 ቀን 2024 በአሜሪካዋ የባልቲሞር ከተማ የሆነው ግን የተለመደ አልነበረም። 300 ሜትር ገደማ ርዝመት ያለው ዳሊ የተባለ ኮንቴይነር ጫኝ መርከብ ከወደቡ እየወጣ ሳለ፣ ከፍራንሲስ ስኮት ኪ ድልድይ ጥቂት ሲቀረው ኤሌክትሪኩ ጠፋ፤ መብራቱ ከጠፋ እስከ ግጭቱ የነበረው ጊዜ አራት ደቂቃ ያህል ብቻ ነበር። ብሪጁ ላይ አንድ ነባር ፓይለትና አንድ ተለማማጅ ፓይለት ነበሩ። በዚያች ጊዜ ውስጥ ጎታች ጀልባዎች ተጠሩ፣ መልሕቅ እንዲጣል ታዘዘ፣ ድልድዩም ለተሽከርካሪ እንዲዘጋ መልእክት ተላለፈና ፖሊሶች መኪኖችን አስቆሙ። መንገዱን ይጠግኑ ከነበሩት ሠራተኞች ስድስቱ ሞቱ፤ ያ ጥሪ ባይተላለፍ ኖሮ የሟቾቹ ቁጥር ከዚህ እጅግ በበለጠ ነበር። ይህን ያደረገው የትኛው ሆርሞን ነው?

ዶክተሯ፦ ከጊዜው ስሌት የሚታወቅ አንድ ነገር አለ፤ ኮርቲሶል አይደለም። አራት ደቂቃ ለዚያ ሆርሞን መነሻ እንኳ ጥቂት ነው፤ ከፍታው ላይ የሚደርሰው ድልድዩ ከወደቀ ከሩብ ሰዓት በላይ ቆይቶ ነው፣ የሚሠራውም በዚያን ጊዜ ባለው ትዝታና እንቅልፍ ላይ ነው። በአራቱ ደቂቃዎች ውስጥ ብሪጁ ላይ የነበረው ፈጣኑ መንገድና አስቀድሞ የተማሩት የትእዛዝ ተራ ብቻ ነው። አድሬናሊን ትኩረትን ይሰበስባል፣ ግን ያጠብበዋልም፤ ያልተዘጋጀ ሰው ትኩረቱ በአንዲት የጠፋች መብራት ላይ ይሰካል፣ የተዘጋጀው ግን የሚቀጥለውን እርምጃ ለመፈለግ አይደክምም፣ ምክንያቱም ተራው በውስጡ ተቀምጧል። የእሳት አደጋ አዛዦችን ያጠናው ጋሪ ክላይን ያገኘውም ይህንኑ ነው፤ ነባር አዛዦች በጭንቅ ሰዓት አማራጮችን ደርድረው አያወዳድሩም፣ ሁኔታውን ከዚህ በፊት ካዩት ጋር አመሳስለው የመጀመሪያውን የሚሆን እርምጃ ይወስዳሉ።

ካፒቴኑ፦ ታዲያ ልምድ ያለው ሁሉ ይድናል ማለት ነው? እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 7 ቀን 2007 ኮስኮ ቡሳን የተባለው መርከብ በጭጋግ ውስጥ የሳን ፍራንሲስኮን የቤይ ድልድይ መከላከያ ገጭቶ 200 ሺህ ሊትር ያህል ነዳጅ ወደ ባሕረ ሰላጤው ሲያፈስስ፣ ብሪጁ ላይ የነበረው ፓይለት ከሃያ ዓመት በላይ ያገለገለ ሰው ነበር።

ዶክተሯ፦ የአሜሪካ የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ መርማሪዎች በዚያ አደጋ ከደረሱባቸው መደምደሚያዎች አንዱ፣ ፓይለቱ በሐኪም ትእዛዝ ይወስዳቸው የነበሩ መድኃኒቶች የማገናዘብ አቅሙን ቀንሰውት እንደነበር ነው፤ በፓይለቱና በካፒቴኑ መካከል የነበረው የመረጃ ልውውጥ ደካማነትም ተጠቅሷል። ልምድ በሰውነት ላይ የተጻፈ ዕውቀት ከሆነ፣ ሰውነቱ ሲደነዝዝ ዕውቀቱም አብሮ ይደነዝዛል። የዝቅተኛ ልኬት ትርጉም ሁልጊዜ መልካም አለመሆኑም እዚህ ላይ ይታያል፤ ነባር ፓይለት በጭጋግ ውስጥ ሲገባ ልቡ ጭራሽ ካልነቃ፣ ያንን መረጋጋት ብሎ ማመስገን አደገኛ ነው።

ካፒቴኑ፦ መደንዘዝ ሲነሣ ሌሊቱ አብሮ ይነሣል። መርከብ የሚመጣው ባሕሩ ሲሞላና ማሰሪያው ሲለቀቅ ነው፤ ፓይለቱ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ይቀሰቀሳል፣ ጠዋት ይተኛል፣ በማግስቱ ደግሞ በቀን ይጠራል።

ዶክተሯ፦ ኮርቲሶል በተፈጥሮው የቀን ዑደት አለው፤ ሰው ከእንቅልፉ በተነሣ በግማሽ ሰዓት ገደማ ከፍ ይልና በእኩለ ሌሊት አካባቢ ዝቅተኛ ደረጃው ላይ ይደርሳል። ጥሪው ይህን ዑደት በየጊዜው ያፋልሰዋል። ብሩስ ማክዌንና ኤልየት ስቴላር እ.ኤ.አ. በ1993 ባስተዋወቁት ሐሳብ፣ ሰውነት ደጋግሞ ራሱን ለውጥረት ሲያዘጋጅና ሲያላምድ የሚከፍለው ዋጋ ይጠራቀማል፤ ይህ የተጠራቀመ ጫና አሎስታቲክ ሎድ ይባላል፣ የሚታየውም በደም ግፊት፣ በስኳርና በሆድ ዙሪያ በሚከማች ስብ ነው። ስለዚህ በአንድ ሰው ውስጥ ሁለት ተቃራኒ ነገሮች አብረው ሊገኙ ይችላሉ፤ በአንዱ መርከብ ላይ ያለው ምላሽ በልምድ እየተስተካከለ ሲሄድ፣ በሺህ መርከቦች የተጠራቀመው ጫና ግን ሳይታይ ያድጋል። የወደብ ኃላፊዎች የመጀመሪያውን አይተው ሁለተኛውን አለማየታቸው የተለመደ ነው።

ካፒቴኑ፦ ባሕር በር የሌላት ኢትዮጵያ የራሷ የወደብ ፓይለት ባይኖራትም፣ የንግድ ዕቃዋ አብዛኛው የሚገባው በጅቡቲ ነው፤ ያንን ዕቃ የጫነ መርከብ ሁሉ በፓይለት እየተመራ ይገባል። ከባሕር ዳሩ የማሪታይም አካዳሚ የሚወጡት የሞተርና የኤሌክትሪክ መኮንኖችም በዓለም ወደቦች ሁሉ ፓይለት ባለበት ሰዓት ሞተር ክፍል ውስጥ ይቆማሉ። ለእነርሱ ከዚህ ሁሉ ምን ይደርሳቸዋል?

ዶክተሯ፦ ከተነገረው ውስጥ ዋናው የሚደርሰው ለእነርሱ ነው፣ ምክንያቱም የፓይለቱን ኮርቲሶል ከሚያስነሡት ነገሮች አንዱ የማይታወቅ ነገር ነው። ሞተሩ ወደ ኋላ ለመነሣት እንደሚዘገይ አስቀድሞ የተነገረው ፓይለት ያንን መዘግየት በስሌቱ ያስገባዋል፤ ያልተነገረው ግን በጠባቡ ቦታ ላይ ይደርስበታል። መኮንኑ የጀነሬተሩን ደካማ ጎን በአንዲት ዓረፍተ ነገር ለብሪጁ ሲያሳውቅ የፓይለቱን ልብ ከየትኛውም የመረጋጊያ ሥልጠና ይልቅ ያግዘዋል።

ካፒቴኑ፦ ለፓይለቶቹ ራሳቸውስ? ደረታቸው ላይ የልብ መለኪያ ታስሮ፣ የወደቡ አስተዳደር ማን እንደሚበረግግ ቢያውቅ አይሻልም?

ዶክተሯ፦ ይህ ቢደረግ የሚለካው ነገር ወዲያው ይበላሻል። የሚያየው አለቃ እንዳለ የሚያውቅ ሰው በሌላ ሰው እየተመዘነ ነው፣ ያም ብቻውን ልኬቱን ያስነሣል። የአንዱን ሰው ቁጥር ከሌላው ጋር አስተያይቶ ፈቃድ መስጠትና መንሣትም ዕድሜንና የአካል ብቃትን እንደ ሙያ ጉድለት መቁጠር ይሆናል። የሚጠቅመው ልኬቱ በሲሙሌተር ውስጥ ሆኖ፣ አንዱ ሰው በየዓመቱ ከራሱ ጋር ሲነጻጸር፣ ውጤቱም በእጁ ሲቀር ነው።

ካፒቴኑ፦ እንደዚያ ከሆነ ወጣቱ በሲሙሌተሩ ውስጥ የመብራት መጥፋትን፣ የመሪ መቆለፍን፣ የጎታች ገመድ መበጠስን ደጋግሞ ይቅመሰው።

ዶክተሯ፦ ደጋግሞ፣ ግን ሳይጠብቀው፤ ብልሽቱ ዘወትር በሦስተኛው መታጠፊያ ላይ የሚመጣ ከሆነ የሚወርደው ኮርቲሶል ልምምዱ መሸምደዱን እንጂ ፓይለቱ መብሰሉን አያሳይም።

ካፒቴኑ፦ ፈታኙስ ከክፍሉ ይውጣ?

ዶክተሯ፦ ቢያንስ በአንዳንዱ ልምምድ ይውጣ፤ በአንዳንዱ ደግሞ የማይመች ፊት ያለው ካፒቴን ሆኖ ይግባ፣ የእውነተኛው ብሪጅ ሁኔታ እንዲያ ነውና።